«ጠብቀኝ»፦ ባሕር የሌለው ሰው ለባሕር እንስሳ ምን ዕዳ አለበት?

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የምትለዋን ተረት ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ እዚህ መቀሌ፣ ያውም ሓወልቲ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ዶልፊን ማውራት፣ ይባስ ብሎም «ወደብ ሲሠራ እነዚህ እንስሳት እንዴት ይጠበቁ?» ብሎ መጨነቅ ሥራ ከመፍታት የመጣ ይመስላል። ባሕሩ የለ፤ ወደቡ የለ፤ ዓሣ ነባሪው የለ። ታዲያ ምን ቀረ?

የቀረው ጥያቄው ነው። ጥያቄውም ይሄ ነው፦ ለእኔ ጥቅም ሲባል በሚሠራ ሥራ የሚጎዳ ፍጡር አለ እንበል። አይቼው አላውቅም። ጩኸቱን አልሰማም። ከሶ ፍርድ ቤት አያቆመኝም። ለዚህ ፍጡር ዕዳ አለብኝ ወይስ የለብኝም? ይህን ለመጠየቅ ባሕር ዳር መወለድ አያስፈልግም፤ ሕሊና ይበቃል። እንዲያውም ባሕር የሌለን በመሆናችን ጥያቄው ለእኛ የበለጠ ይጠራል እላለሁ። ዓሣ አጥማጁ ዶልፊኑን ነገም ስለሚያየው ሊያፍረው ይችላል። እኛ ግን የምናፍርበት ዓይን ፊታችን የለም። ሰው ማንም ሳያየው የሚያደርገው ነው እውነተኛ ጠባዩ ይባል የለ?

ለነገሩ «ባሕር የለንም» የምንለው አባባል ራሱ ትንሽ መመርመር አለበት። መቀሌ የተሠራችበትን ድንጋይ ልብ በሉ። ከከተማችን በስተደቡብ ባለችው በአንታሎ ስም የሚጠራው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ደለል ነው። የሥነ ምድር ተማሪዎች በየሸንተረሩ የሚለቅሙት ቀንድ አውጣና ዛጎል የዚያ ባሕር ኗሪ ነበር። ግድግዳችን የባሕር ወለል ነው ማለት ነው። ጨዋችንስ? አርሆ የሚባለው የጨው ነጋዴ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመልና በበቅሎ ጭኖ፣ በበርሃሌ አድርጎ ለዘመናት ወደ መቀሌ ገበያ ሲያመጣው የኖረው፣ ዛሬ መኪና ቢሻማውም ያልቀረው አሞሌ፣ ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ገብቶ በተቆረጠ ጊዜ ደርቆ የቀረ የባሕር ጨው ነው። በዚያ በረሃ ዳር ከ100,000 ዓመት በፊት የነበሩ የኮራል ድንጋዮች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። እንግዲህ ባሕር ከእኛ ርቆ ሄደ እንጂ ከእኛ ጋር ትውውቅ የለውም አይባልም።

ይህ ግን የጥንት ነገር ነው፤ ዕዳ አይሆንም። ዕዳ የሚሆነው የዛሬው ነው። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች፣ በ1990 ዓ.ም. በተነሳው ጦርነትም የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ የማያንሰው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የምንበላው የውጭ ስንዴ፣ ገበሬው የሚበትነው ማዳበሪያ፣ አውቶቡሱ የሚጠጣው ነዳጅ፣ ምናልባትም ይህ ጽሑፍ የሚባዛበት ወረቀትና ቀለም ሳይቀር በመርከብ ተጭኖ መጥቶ በዚያ ባሕር ዳር የተራገፈ ነው። ጭነቱ በበዛ ቁጥር ወደቡም መስፋት ነበረበት። በግንቦት 2009 ዓ.ም. የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመረቀ። በወሩ በሰኔ ደግሞ የታጁራ ወደብ ተመረቀ።

ይሄ የታጁራ ነገር በተለይ የእኛ ነው። ወደቡ ሲታሰብ ዋና ዓላማው ከዳናኪል የሚወጣውን ፖታሽ መላክ ነበር። ከመቀሌ ተነስቶ በሐራ ገበያ አድርጎ፣ በሠመራ በኩል ወርዶ ታጁራ እንዲደርስ የታቀደውን የባቡር መስመርም የማያውቅ ተማሪ የለም። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲፈነዳ የመቀሌው ክፍል ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ባቡር ያልተወራ ነገር የለም፤ ስለ ሥራ ዕድሉ፣ ስለ ካሳው፣ ስለ ኮንትራክተሩ ሁሉ ተወርቷል። መስመሩ የሚያበቃበት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ማን ይኖራል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እኔ አልገጠመኝም። ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ በየሻይ ቤቱ ሲያከራክርም ያው ነው። ባሕሩ የሚታየን እንደ በር ነው። በር ደግሞ ውስጡ ነዋሪ የለውም፤ ይታለፍበታል እንጂ።

በዚያ ባሕረ ሰላጤ ግን ነዋሪ አለ። ዶልፊኖች በመንጋ ይዋኙበታል። ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ፍጡርም በበጋው ወራት በአርታ ዳርቻ ይታያል፤ ይሄኛው ስሙ ዓሣ ነባሪ ነኝ ቢልም ዓሣ ነውና ከአጥቢዎቹ አይቆጠርም። ከዚያ ወደ ሰሜን በቀይ ባሕር ጥልቀት የሌላቸው ዳርቻዎች፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያም ጭምር፣ ዱጎንግ አለ፤ የባሕር ላም ይሏታል። ይህች እንስሳ የባሕር ሣር ትግጣለች፤ በቀን እስከ 40 ኪሎ ትበላለች። ከአንድ ዓመት በላይ አርግዛ አንድ ጥጃ ትወልዳለች፤ እንደገና እስክትወልድ ከ3 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅባት ይችላል። ዕድሜዋ እንደ ሰው 70 ሊደርስ ይችላል። ላም ያረባ ሰው ይህን ሒሳብ ለመረዳት አይቸገርም፤ እንዲህ በዝግታ የሚወልድ ከብት አንዲት እናት ከሞተችበት በረቱ መቼ ይሞላል?

አሁን ደግሞ ወደብ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። መርከብ የሚጠጋበትን መድረክ ለመሸከም የብረት ምሰሶዎች፣ ሠራተኞቹ ፓይል የሚሏቸው፣ በትልቅ መዶሻ እየተመቱ ባሕሩ ወለል ውስጥ ይቀረቀራሉ። አንዱ ምሰሶ ብቻ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ምት ይጠይቃል። እኛ ይህን ስንሰማ «ጆሮ ያደነቁራል» ብለን ጆሯችንን ይዘን እናልፋለን። ውኃ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ በውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአየር ይልቅም እጅግ ርቆ ይጓዛል። ብርሃን ደግሞ በተቃራኒው ውኃ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ የባሕር አጥቢዎች ዓለማቸውን የሚያውቁት በጆሮ ነው። ዶልፊን ድምፅ ለቆ የገደል ማሚቶውን እየሰማ ምግቡን ያድናል፣ መንገዱን ያገኛል፤ እናት ልጇን የምትጠራው በድምፅ ነው። ለእነሱ ጆሮ ማለት ለእኛ ዓይን፣ አፍና የእጅ ጣት ተደምሮ ማለት ነው። በሰሜን ባሕር የነፋስ ተርባይን ምሰሶዎች ሲተከሉ ፖርፖይዝ የሚባሉት ትናንሽ የዶልፊን ዘመዶች እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ድረስ አካባቢውን ለቀው እንደሚሸሹ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ከመቀሌ ተነስቶ ኲሓን አልፎ እንደ መሄድ ነው። ቅርብ የተገኘ እንስሳ ደግሞ መስማቱን ለጊዜው ወይም ለዘለዓለም ያጣል። የደነቆረ ዶልፊን የታወረ እረኛ ነው፤ ወዲያው አይሞትም፤ ግን እንዴት ይኖራል?

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኔን የማረከኝ። ሰው «በቴክኖሎጂ የተራቀቀ መሣሪያ ይኖራል» ብሎ ይጠብቃል። መሣሪያ አለ፤ እመለስበታለሁ። ዋናው መድኃኒት ግን በጣም ቀላል፣ ከመቅለሉ የተነሳ የሚያሳፍር ነው፦ መጠበቅ። የእንግሊዝ የተፈጥሮ ጥበቃ የጋራ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ለዚሁ የሠለጠነ ተመልካች ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ባሕሩን ይቃኛል። በምሰሶው ዙሪያ ቢያንስ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ እንስሳ ከታየ ሥራው አይጀመርም፤ እስኪሄድ ይጠበቃል። ሲጀመርም በሙሉ ኃይል አይደለም፤ መዶሻው በቀስታ እየመታ ቢያንስ በ20 ደቂቃ ውስጥ ኃይሉን እየጨመረ ይሄዳል፤ ያልታየ እንስሳ ካለ ሰምቶ እንዲርቅ። ሥራው ከ10 ደቂቃ በላይ ከተቋረጠ ቅኝቱና የቀስታው አጀማመር እንደገና ይደገማል። ሲመሽ ወይም ጉም ሲሆን፣ ተመልካቹ ማየት ስለማይችል፣ ውኃ ውስጥ የሚያዳምጥ መሣሪያ ከሌለ በቀር አዲስ ምሰሶ መምታት አይጀመርም።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲጠቀለል አንድ ግሥ ነው። በአማርኛችን «ጠበቀ» ማለት ዘብ ቆመ ማለት ነው፤ «ጠበቀ» ማለት ደግሞ እስኪመጣ ወይም እስኪሄድ ታገሠ ማለት ነው። ለፈጣሪው የሚጸልይ ሰው «ጠብቀኝ» ይላል፤ ወደ ካፌ የሚሮጥ ጓደኛም ከኋላ «ጠብቀኝ!» ይላል። ቃሉ አንድ ነው። ከቋንቋ ማስረጃ አይወጣም ለሚሉኝ እስማማለሁ፤ እዚሁ ከደጃችን ያለው ትግርኛ «ሓለወ» እና «ተጸበየ» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ያስቀምጣቸዋልና ትግርኛ ተናጋሪው ሕሊና ያንሰዋል ልንል አንችልም። እኔ የምለው ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ ነው አይደለም። እኔ የምለው፣ መሐንዲሱ በባሕር ዳር የደረሰበት እውነት ቃሉ ውስጥ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር ነው፦ ደካማን ከጉዳት መጠበቅ ማለት በአብዛኛው የራስን ችኮላ ማቆም ማለት ነው። ጋሻ ይዞ መቆም አይደለም፤ መዶሻን ይዞ ሳይመቱ መቆየት ነው።

ትግራይ ውስጥ ለዚህ ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕዛእቲ ምንድን ነው? የተራቆተ ሸንተረር ከከብትና ከምሳር ተከልሎ ለዓመታት የሚተውበት የኅብረተሰብ ደንብ ነው። እርከንና ጉድጓድ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን መጠበቅ ነው። ሣሩ ይመለሳል፤ ምንጩ ይጎለብታል። የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ በዚህ ዓይነት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል፤ ክልሉም መሬት መልሶ በማልማት ፖሊሲው እ.ኤ.አ. በ2017 የወርቅ ሽልማት ተሸልሟል። የተሸለመው እንግዲህ ምንድን ነው? በከፊል የገበሬው ላብ፣ በከፊል ደግሞ የገበሬው ትዕግሥት። ፍየሉ ርቦት ሳለ «ዘንድሮ እዚህ አይገባም» ያለ ገበሬ ለዓሣ ነባሪ ጥበቃ መመሪያ እንግዳ አይሆንም፤ መንፈሱን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

* * *

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ፤ የማይሰማ ተከራካሪ ሰባኪ ነውና።

የመጀመሪያው ከባዱ ነው። «ሰው እየተራበ ስለ ዶልፊን ጆሮ ታወራለህ?» ይላል። በዚህ ከተማ ይህን የሚል ሰው በንድፈ ሐሳብ አይናገርም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ርሃብ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማርንም። ስለዚህ ሰውየውን «ልበ ደንዳና» ብሎ ማለፍ ድፍረት ነው። ግን ጥያቄው ራሱ የሚያስመርጠን ምንና ምን እንደሆነ እናጥራ። ከፊታችን ያለው ምርጫ «ወደብ ወይስ ዶልፊን» ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ስንዴው ይግባ እል ነበር። ምርጫው ግን እሱ አይደለም። ምርጫው «አሁን እንምታ ወይስ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንምታ?» ነው። የተራበ ሰው በዚያች ግማሽ ሰዓት ከአፉ የሚነጠቅ እንጀራ የለም። «ሰው ይቀድማል» የሚለው እውነተኛ መርህ «ሰው ብቻ ይቆጠራል» ለሚለው ውሸት መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው።

እርግጥ ግማሽ ሰዓቶቹ ሲደመሩ ቀን ይሆናሉ። ክሬን የተጫነበት መርከብ ቆሞ ሲውል ኪራዩ ይቆጥራል፤ የተቋራጩ ሒሳብም በመጨረሻ የወደቡ ሒሳብ፣ የወደቡም የስንዴው ዋጋ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚደብቅ የተፈጥሮ ጠበቃ ሐቀኛ አይደለም። ነገር ግን ሳንጠብቅ ብንመታስ ወጪው ይጠፋል ወይ? አይጠፋም። ከፋዩ ይለወጣል እንጂ። ደረሰኝ መጠየቅ የማይችል፣ ክስ የማይመሠርት፣ ጋዜጣ ላይ የማይጮህ ፍጡር በጆሮው ይከፍለዋል። ዋጋን ከሚናገር ከፋይ ወደ ማይናገር ከፋይ ማሸጋገር ቁጠባ አይባልም። ምን እንደሚባል አንባቢ ስሙን ያውቃል።

ደግሞም ይህ ልማድ ባሕር ላይ ብቻ አይቀርም። ካንት ለእንስሳ በቀጥታ ዕዳ አለብን ብሎ አላመነም፤ ሆኖም በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰው ላይ ለመጨከን ይለማመዳል ሲል አስጠንቅቋል። ቤንታም ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ገለበጠው፤ መለኪያው የማሰብ ችሎታ መሆኑ ቀርቶ የመሰቃየት ችሎታ እንዲሆን ጠየቀ። እኔ ወደ ቤንታም አደላለሁ፤ የካንትም ማስጠንቀቂያ ግን በአገራችን ሲሠራ አይቻለሁ። በከተማ ዳር መሬቱ ለግንባታ የተፈለገበት ገበሬ «ትንሽ ጠብቁኝ፤ ሰብሌን ልሰብስብ» ሲል «ልማት አይጠብቅም» ይባላል። «ልማት አይጠብቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዶልፊንንም ገበሬንም አይለይም። እስቲ ይህችን አባባል በአማርኛችን ድርብ ትርጉም መልሳችሁ አንብቧት፤ የማይጠብቅ ልማት የማይጠብቅ ልማት ነው! አይታገሥም፤ ዘብም አይቆምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አቅሙ የት አለን?» የሚል ነው። ወደቡ የጅቡቲ ነው፤ ተቋራጩ የሌላ አገር ነው፤ የእኛ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጅቡቲን ውኃ አያዝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሰው አገር ሕግ እናውጣ አላልኩም። ግን ደንበኛ ድምፅ የለውም ያለው ማነው? የጅቡቲ ወደቦች ዋና ደንበኛ ኢትዮጵያ ናት። ገበያ ሄዶ በርበሬ የሚገዛ ሰው «ከምን ቀላቀልሽበት?» ብሎ የመጠየቅ መብት ካለው፣ አብዛኛውን ጭነት የሚያስጭን አገር «ምሰሶውን ስትተክሉ ማን ቃኘ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጥቅም በተጓዘበት መንገድ ኃላፊነትም ይጓዛል፤ ድንበር ላይ ሲደርስ ጥቅሙ ቪዛ አግኝቶ ኃላፊነቱ የሚመለስበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ሲሆን እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። «ይሄ ሁሉ መመሪያ እጅ መታጠብ ነው» ይላል። ሆንግ ኮንግን ይጠቅሳል። እዚያ ነጭ ዶልፊን የሚባል ዘር አለ፤ አዋቂው መልኩ ወደ ሮዝ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ለአየር ማረፊያ ነዳጅ ማራገፊያ ምሰሶ ሲተከል የአረፋ መጋረጃ ተሞክሮ ነበር። ይህ መጋረጃ የተበሳ ቱቦ በምሰሶው ዙሪያ ባሕሩ ወለል ላይ ተዘርግቶ አየር ሲነፋበት የሚሠራ ነው፤ የሚወጣው አረፋ እንደ ግድግዳ ሆኖ ድምፁን ይሰብራል። ድምፁ በእርግጥ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ግን አካባቢው ላይ ባሕር እየተደለደለ መሬት ሆነ፤ ፈጣን ጀልባዎች በዙ፤ ትልቁ የባሕር ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2018 ተከፈተ፤ የአየር ማረፊያው ሦስተኛ መንደርደሪያም ባሕር ተደልድሎ ተሠራ። በሆንግ ኮንግ ውኃ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 188 ይገመቱ የነበሩት ዶልፊኖች በ2018 ወደ 32 ወረዱ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ምሰሶ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ ግን የየራሱ መመሪያ፣ የየራሱ ተመልካች፣ የየራሱ ማኅተም ነበረው። ሁሉም ጠበቁ፤ ዶልፊኑ ግን አለቀ።

ይህ ምን ያስተምረናል? የቀስታው አጀማመር አንድ ድብቅ ግምት አለው፤ እንስሳው የሚሄድበት ሌላ ቦታ አለ ይላል። ቤት ከማፍረሱ በፊት በሩን አንኳኩቶ «ውጡ» የሚል ሰው ሳያንኳኳ ከሚያፈርሰው ይሻላል። ግን የወጡት የት ይደርሳሉ? የባሕር ላሟ የምትግጠው ሣር እዚያችው ቁፋሮው በሚያደፈርሳት ጥልቀት የሌላት ውኃ ውስጥ ከሆነ፣ ጭቃው ሣሩ ላይ ከተኛ፣ በቀስታ ብናባርራት በፍጥነት ብናባርራት ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ መጠበቅ ሦስት ደረጃ አለው እላለሁ። የመጀመሪያው የደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ያ ተመልካቹ የሚያደርገው ነው። ሁለተኛው የወቅት መጠበቅ ነው፤ እንስሳት በሚወልዱበት፣ በሚሰበሰቡበት ወር አለመምታት። ሦስተኛውና ከባዱ ከሥራው በፊት ያለው መጠበቅ ነው፤ ካርታው ገና ወረቀት ላይ ሳለ «ይህን ቦታ እንተወው፤ ወዲያ እንሥራ» ማለት። የመጀመሪያው ያለ ሦስተኛው ሥርዓተ ቀብር ነው። ሦስተኛው ያለ መጀመሪያው ደግሞ የተሳለ ጦር በጨለማ እንደ መወርወር ነው። መመሪያው በቂ አይደለም ማለት ግን መመሪያው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጀርመኖች ከምሰሶው በ750 ሜትር ርቀት የአንዱ ምት ድምፅ ከ160 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ብለው ገደብ ስለጣሉ የአረፋ መጋረጃውና ሌላውም ዘዴ እንዲሻሻል ግድ ሆነ። ግድ የተባለ መሐንዲስ መፍትሔ ያገኛል፤ ፈቃዱ የተጠየቀ ሰበብ ያገኛል።

* * *

አንድ የመጨረሻ ነጥብ አለኝ። ብዙ ሰው ግብረ ገብን የሚያየው እንደ ብድር ነው፤ አበድርሃለሁ፣ ትመልስልኛለህ። በዚህ ሒሳብ ዓሣ ነባሪ ዕዳ የለውም፤ እኛም የለብንም። እውነት ግን ሰው የሚኖረው በዚህ ሒሳብ ብቻ ነው ወይ? የምንኖርበት ሠፈር ስሙ ራሱ ሓወልቲ ነው። ሐውልት ምንድን ነው? ሊከፍሉን ለማይችሉ፣ ሊጠይቁንም ለማይችሉ ሰዎች የቆመ የዕዳ ምልክት ነው። የወደቀ ሰው «አስታውሱኝ» ብሎ ደጅ አይጠናም፤ የሚያስታውሰው የቆመው ነው። ለማይጠይቅ ባለ ዕዳ መሆን እንደሚቻል ይህ ሠፈር ከማንኛውም የፍልስፍና መጽሐፍ አስቀድሞ ያውቃል። ሙታንና የባሕር እንስሳት አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ልል አልችልም። ግን ዝምታቸውን የእኛ ነፃነት አድርገን እንዳንቆጥረው የሚያስተምረን መርህ አንድ ነው።

ዝምድና ለሚፈልግም ዝምድና አለ። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት እንደደረሱበት፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት የየብስ እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ጉማሬ ያየ ተማሪ የዓሣ ነባሪን የአጎት ልጅ አይቷል። በዚያው ወንዝ ላይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ ድልድይ ተመርቋል፤ በየወንዙና በየሐይቁ ዳርም ገና ብዙ ምሰሶ ይተከላል። ስለዚህ ጥያቄው ታጁራ ብቻ አይደለም። ውኃ ባለበት ሁሉ፣ መዶሻም ባለበት ሁሉ ይመጣል።

እንግዲህ ከመካከላችን የሲቪል ምሕንድስና የሚማር አለ፤ ነገ የሥራ ዝርዝር ይጽፋል። ሕግ የሚማር አለ፤ ነገ ውል ያረቅቃል። ኢኮኖሚክስ የሚማር አለ፤ ነገ ወጪና ጥቅም ይደምራል። ለሦስቱም የማቀርበው አንድ አንድ ጥያቄ ነው። አንተ መሐንዲሱ፤ በሥራ መርሐ ግብርህ ውስጥ ለመጠበቂያ የተያዘ ሰዓት አለ ወይስ መጠበቅ ሁሉ «መዘግየት» ተብሎ ቅጣት ይከተለዋል? አንቺ የሕግ ባለሙያዋ፤ ተመልካቹ «አቁሙ» ሲል የማስቆም ሥልጣኑ በውሉ ላይ ተጽፏል ወይስ በተቋራጩ በጎ ፈቃድ ላይ ተጥሏል? አንተ ኢኮኖሚስቱ፤ ከፋዩ ዝም ስላለ ወጪውን ዜሮ አድርገህ ጽፈሃል ወይ?

አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ግን ይለቀማል፤ አፈር ቢነካውም ይበጠራል፤ ቸኳዩም ቅጣቱን በራሱ ወገብ ያገኘዋል። ባሕር ውስጥ የፈሰሰ ጆሮ አይለቀምም፤ ቅጣቱንም የሚቀበለው የቸኮለው አይደለም። ለዚህ ነው ተረቷ እዚህ ላይ የማትበቃን፤ ለዚህ ነው ሕግም ሕሊናም የሚያስፈልገን። መዶሻውን አንስቶ፣ ክንዱ እየደከመ፣ ኪራዩ እየቆጠረ፣ አለቃው እየተቆጣ፣ ጀርባዋ ብቻ ብልጭ ብላ የጠፋችን አንዲት እንስሳ 30 ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው ሥራ ፈት አይደለም። በዚያ ቀን በዚያ ወደብ ላይ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁን እየሠራ ነው።